ከመኪና አደጋ በኋላ መሪ መያዝ ላቃታቸው ሹፌር፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ የት ይገኛል? ምንስ ይሠራል?

ውድ እህቴ፣

ከኮምቦልቻ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለሌሎች አንባብያን ጉዳዩን ባጭሩ ላስታውስ። ባለቤትዎ ለረጅም ዓመታት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሰባት ወር በፊት ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ረዳታቸው ሲሞት፣ እርሳቸው በቀላል ጉዳት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየጮኹ ይነቃሉ፤ የመኪና ጡሩምባ ሲሰሙ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ መሪ መያዝ ቀርቶ በዋናው መንገድ ማለፍ ትተዋል፤ ቀኑን በጫት፣ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያሳልፋሉ። ጎረቤትዎ የሆኑ መምህርት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያማክሩ ሲመክሩዎት፣ የባለቤትዎ ወንድም ደግሞ «ወንድሜ አላበደም» ብለው ተቆጡ። እርስዎም እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ይህ ባለሙያ በእኛ አካባቢ አለ ወይ? ካለስ ምንድን ነው የሚያደርገው? መርፌ ይወጋዋል ወይስ እንደ እኛው መክሮ ይመልሰዋል? መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ መንጃ ፈቃዱን ይቀሙት ይሆን?»

ወደ እነዚህ ጥያቄዎች ከመግባቴ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ባለቤትዎ አንዳንድ ሌሊት «ምናለ በእሱ ፈንታ እኔን በወሰደኝ» እንደሚሉ ጽፈዋል። ይህ የኀዘን ምሬት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በለቅሶ ላይ እንዲህ ማለት በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሰባት ወር እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራውን ያቆመና ራሱን የሚወቅስ ሰው ሲናገረው በዝምታ አይታለፍም። ዛሬውኑ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቁጣም ልቅሶም ሳይቀላቀልበት፣ ሕይወታቸውን ስለ ማጥፋት አስበው እንደሚያውቁ በግልጽ ይጠይቋቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስለዋል፤ በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ ይልቁንም ለተጨነቀው ሰው ብዙ ጊዜ እፎይታ እንደሚሆነው ነው። መልሳቸው «አዎን» ከሆነ፣ በተለይም እንዴትና መቼ የሚለውን ጭምር አስበውበት ከሆነ፣ ብቻቸውን አይተዋቸው። ገመድ፣ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትና የተጠራቀመ ኪኒን ከቤት ያርቁ፤ ቀጠሮም ሆነ ሪፈር ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ድንገተኛ ክፍል ለተሰበረ አጥንት ብቻ የተከፈተ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ሌሊት በሩን ማንኳኳት ነውር እንዳይመስልዎ።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። የገለጹልኝ ምልክቶች በሙያው ዘንድ በደንብ የታወቁ ናቸው። ከሞት ጋር ፊት ለፊት ያገናኘ ክስተት ካለፈ በኋላ፣ ክስተቱ በቅዠትና በድንገተኛ ትውስታ አሁን እየተፈጸመ ያለ ያህል ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውየው ክስተቱን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ድምፅና ወሬ ይሸሻል፤ ሰውነቱም አደጋው እንዳላበቃ ሁሉ ሌት ተቀን በተጠንቀቅ ይቆማል፤ በዚህ ላይ የጥፋተኝነት ስሜትና ከሰው የመራቅ ነገር ይታከልበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው በጊዜና በቤተሰብ ድጋፍ እየተሻለው ይሄዳል። ሁኔታው ከአንድ ወር በላይ ዘልቆ ሥራንና ኑሮን ሲያናጋ ግን ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ስለሚባለው ሕመም ማሰብ ይጀምራሉ። የባለቤትዎ ጉዳይ ይኸው መሆን አለመሆኑን በደብዳቤ ልወስን አልችልም፤ ይህ መርማሪው ፊት ለፊት አነጋግሮ የሚደርስበት ነው። የባለቤትዎ ወንድም ግን አንድ ነገር ትክክል ብለዋል፤ ይህ እብደት አይደለም። ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖም እብደት ያልሆነ የአእምሮ ሕመም መኖሩን፣ ብዙውም እንዲህ ያለ መሆኑን ቢያስረዷቸው፣ ከተቃዋሚነት ወደ አጋዥነት ሊመጡ ይችላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰዎች በአንድ ስም የሚጠሯቸው ባለሙያዎች የተለያዩ ስለሆኑ ይህን ልዩነት ማወቅዎ የተሳሳተ በር ከማንኳኳት ያድንዎታል። የአእምሮ ሐኪም የሚባለው በመጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ቀጥሎ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው ነው፤ መርምሮ መድኃኒት ያዛል፣ አስፈላጊ ሲሆን ያስተኛል። እንዲህ ያሉ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ፣ ዛሬም ቁጥራቸው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት በአብዛኛው የሸፈኑልን በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው፤ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መጀመሪያ የሚያገኙትም ከእነርሱ አንዱን ሊሆን ይችላልና፣ ዶክተር አላገኘሁም ብለው እንዳይመለሱ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የሰውን ሐሳብ፣ ስሜትና ባሕርይ ያጠና ባለሙያ ነው። መርፌ አይወጋም፣ መድኃኒትም አያዝም፤ ሕክምናው የሚከናወነው በንግግርና ደረጃ በደረጃ በሚሰጥ ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። በሥነ ልቦና የተመረቀ ሁሉ ሕመምተኛ ለማከም የሠለጠነ አይደለም። አንዱ የትምህርት ሥነ ልቦናን፣ ሌላው የሥራና የድርጅት ሥነ ልቦናን፣ ሌላው የልጆችን እድገት ያጠና ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው ስለ ሙያው ሰፊ እውቀት የሚሰጥ እንጂ ከከባድ አደጋ የተረፈን ሰው ለማከም የሚያበቃ ሥልጠና አይደለም። ለባለቤትዎ የሚያስፈልገው በክሊኒካል ወይም በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሠለጠነ፣ በሌሎች ባለሙያዎች ክትትል ሥር ሕመምተኞችን ሲረዳ የቆየ ሰው ነው። በመድረክ ንግግሩ ወይም በማነቃቂያ ትምህርቱ የታወቀ ሰው ለሌላ ዓላማ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይበቃም።

ባለሙያው ዘንድ ሲገባ የሚሆነውን ልንገርዎ፤ ባለቤትዎን ያስፈራቸው ምናልባት ይህን አለማወቃቸው ነውና። የመጀመሪያው ቀን በጥያቄ ያልቃል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ቀድሞ ሕመም፣ ስለ ጫትና መጠጥ፣ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠየቃሉ። በአደጋው ጊዜ ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነም መጠየቅ አለበት፤ የራስ ቅል ጉዳት ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል አካላዊ ምርመራ ያላደረገ ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይላካል። የ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ የት እንደነበሩና ምን እንዳዩ መጠየቁም አይቀርም፤ አዲስ አደጋ አንዳንድ ጊዜ ያልተነገረ አሮጌ ቁስል ይቀሰቅሳልና። ባለሙያው የአደጋውን ታሪክ በዚያው ቀን እንዲዘረዝሩ አያስገድድም፤ በግድ የሚያናዝዝ ካጋጠማችሁ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። እርስዎም በቤትዎ «ንገረኝ፣ ይውጣልህ» እያሉ ባይጫኗቸው ደግ ነው፤ ሊናገሩ ሲፈልጉ ማዳመጥ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ገደማ ይገናኛሉ። ሕክምናው የተመሠረተበት ዋና ግንዛቤ ፍርሃትን ሕያው አድርጎ የሚያቆየው ሽሽቱ ራሱ መሆኑ ነው። ባለቤትዎ መንገድ በሸሹ ቁጥር ለጊዜው ይቀልላቸዋል፤ አእምሯቸው ግን መኪና ሁሉ ሞት አለመሆኑን የሚማርበት ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ባለሙያው ከእርሳቸው ጋር ተስማምቶ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ቅደም ተከተል ያወጣል፤ መጀመሪያ በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በከተማ ውስጥ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ መሳፈር፣ ብዙ ቆይቶ ባዶ ሜዳ ላይ መሪ መያዝ፣ በመጨረሻም መንገድ መውጣት። በእያንዳንዱ እርከን ድንጋጤው እስኪረግብ ይቆዩበታል፤ በመሃል ተደናግጦ መውጣት ፍርሃቱን መልሶ ስለሚያጠናክረው ነው ይህ በባለሙያ እጅ የሚደረገው። በሌላ በኩል፣ ባለቤትዎ ዝግጁ ሲሆኑ፣ የዚያን ቀን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተረጋጋ ቦታ ደጋግመው ይተርካሉ። በትረካው መሃል «ቀድሜ ፍሬን ብይዝ ኖሮ»፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚሉ ሐሳቦች ሲወጡ ባለሙያው አያስተባብልም፣ አያጽናናምም፤ ከሆነው ነገር ጋር እያመሳከሩ እንዲመዝኗቸው ይረዳቸዋል። እርስዎ «ጥፋትህ አይደለም» ብለው መቶ ጊዜ ነግረዋቸው ያልሰሙት ነገር፣ ራሳቸው መርምረው ሲደርሱበት ይሰማቸዋል። የእርስዎ ምክርና የባለሙያው ሥራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የተወሳሰበ ጉዳይ ሲሆን ይረዝማል፤ በቀጠሮዎቹ መካከልም በቤት የሚሠራ ልምምድ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅዠቱ ጥቂት ሊብስ ስለሚችል፣ «ይባስ አመመው» ብላችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።

ሐኪሙ መድኃኒት ይጨመር ካለ አትፍሩ። እንደ ሰርትራሊንና ፍሎክሰቲን ያሉ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም ያገለግላሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአሥር ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው፣ ሲሻልም በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም አይገባም። የምፈራው ሌላውን ነው፤ ይኸውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ እንደ ዳያዚፓም ያለ ማስተኛ ኪኒን ነው። ለሁለት ሌሊት ያስተኛል፤ ሲለመድ ግን ራሱ ችግር ይሆናል፤ የዚህን ሕመም መሠረት አያክምም። ስለ ጫቱም እውነቱን ልናገር፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ ሐሳብን ለሰዓታት ያራቀ ቢመስልም፣ የልብ ምትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ በተጠንቀቅ የቆመውን ሰውነት ጨርሶ ዕረፍት ይነሳዋል። ይሁንና «መጀመሪያ ጫቱን ተው፣ ከዚያ ትታከማለህ» ብላችሁ ቅድመ ሁኔታ አታድርጉት። ሕክምናውን ይጀምሩ፤ የሚቅሙትን መጠን ሳይደብቁ ለባለሙያው ይንገሩ።

አሁን «የት?» ወደሚለው እንሂድ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ መነሻችሁ ጤና ጣቢያችሁ ነው፤ መድህኑ ወጪውን የሚሸፍነው የሪፈር ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ሊያስከፍል ይችላል። ጤና ጣቢያው ወደ ኮምቦልቻ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊጽፍላችሁ ይችላል። እዚያ ስትደርሱ መድኃኒት ብቻ ተጽፎላችሁ እንዳትመለሱ፣ «የንግግር ሕክምና የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ አላችሁ? ከሌለ ለማን ትልኩናላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሁለተኛው መንገድ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሥነ ልቦናም የአእምሮ ሕክምናም ትምህርት ስለሚሰጥበት፣ በዘርፉ የሠለጠኑ መምህራን ራሳቸው ባያክሙ እንኳ በከተማው ማን እንደሚያክም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ደሴ ወጥቶ የትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ነውር የለበትም። በግል ክሊኒክ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ስለሚኖሩ በዚያው አጋጣሚ ስለ እነርሱ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ የሚፈለገው ሰው ካልተገኘ፣ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ፤ አንዳንድ የግል ባለሙያዎችም ከመጀመሪያው የአካል ቀጠሮ በኋላ በስልክ ወይም በቪዲዮ ስለሚከታተሉ ለየቀጠሮው አዲስ አበባ መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል።

ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ ለባለቤትዎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በመኪና መውጣት ከሕክምናው ራሱ የሚከብድ ሊሆን ይችላል። ይህን አቅልለው አይዩት፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ሕክምናውን ጠልቶ ሳይሆን መንገዱን ፈርቶ ነው። ከጎናቸው ይቀመጡ፤ የሚያምኑት ሹፌር ካለ በእርሱ መኪና ተሳፈሩ፤ በማለዳ፣ ከባድ መኪና ሳይበዛ ውጡ። ጨርሶ እንቢ ካሉ ኮምቦልቻ ባለው ሆስፒታል ጀምሩ። እርስዎ ብቻዎን ደሴ ወጥተው ባለሙያውን ማነጋገርም ይችላሉ፤ «ታማሚው መኪና ስለሚፈራ መምጣት አልቻለም» ማለት ለባለሙያው ሰበብ አይደለም፣ ስለ ሕመሙ ጠቃሚ መረጃ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ሰባት ወር በጩኸት እየነቁ ኖረዋልና፣ ስለ ራስዎ ድካም በዚያው ቢያማክሩ መብትዎ ነው።

ባለሙያው ከተገኘ በኋላ ከመጀመራችሁ በፊት የመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። ምን እንዳጠና፣ በየትኛው ደረጃ እንደተመረቀ፣ የሙያ ሥራ ፈቃዱን፣ ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን ረድቶ እንደሚያውቅና በምን ዘዴ፣ ስንት ቀጠሮ እንደሚገምት፣ ለአንዱ ቀጠሮ ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። በአንድ ቀን አድንሃለሁ የሚል፣ የሌሎችን ሰዎች ታሪክ በስም የሚያወራ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ጣሉ የሚል፣ የሚሸጥ ዕቃ የሚያቀርብ ወይም ከሙያው የወጣ ቅርርብ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ተነሥታችሁ ውጡ።

ስለ ምስጢር የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለሙያው የሰማውን ለአሠሪም ለጎረቤትም የመንገር መብት የለውም፤ የሙያ ምስጢርን ያለ አግባብ ማውጣት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። ገደቡ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲበደል ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን እንዲያብራራላችሁ ጠይቁት። ስለ መንጃ ፈቃዱ ስጋትዎ ይገባኛል፤ የቤታችሁ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ባለቤትዎ አሁንም እያሽከረከሩ አይደለም፤ ወደ መሪው ሊመልሳቸው የሚችለውም ይኸው ሕክምና ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ከተሰጣቸው መቼ ማሽከርከር እንደሚችሉ ሐኪሙን ሳይጠይቁ መኪና አይንኩ፤ ይህ ለእርሳቸውም ለሌላው መንገደኛም ደኅንነት ነው።

ሸሁ ዘንድ ወስደው ዱዓ እንዳስደረጉላቸው ጽፈው፣ ወደ ባለሙያ መሄድ ያንን መካድ ይሆን ወይ ብለው ሰግተዋል። አይደለም። ዱዓውም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም ይከበር፤ አስተዋይ ባለሙያም እምነታቸውን እንደ ትልቅ ድጋፍ ይቆጥረዋል። ሸሁን ራሳቸውን «ሂድ፣ ታከም» እንዲሏቸው ቢጠይቋቸው ከእኔም ከእርስዎም ቃል በላይ ሊሰሙ ይችላሉ። እርስዎ ሲያነጋግሯቸው ደግሞ ስለ ሥነ ልቦና አይጀምሩ፤ «እንቅልፍህ ጠፍቷልና ለእንቅልፍህ እንታይ» ይበሏቸው። እውነትም ነው፤ እምቢ ለማለትም ያስቸግራል።

ከመሄዳችሁ በፊት አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ምልክቶቹ መቼ እንደጀመሩ፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ የሚወስዱትን ኪኒንና የሚቅሙትን ጫት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ በጭንቀት መሃል ይህ ሁሉ ይረሳል። ከአራት ወይም ከአምስት ቀጠሮ በኋላ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ወይም ባለቤትዎ ከባለሙያው ጋር መግባባት ካቃታቸው፣ ይህንኑ በግልጽ ንገሩትና ዘዴው እንዲለወጥ ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ እስከዚያ የተሠራውንም ባጭሩ ጽፎ ይስጣችሁ፤ ባለቤትዎ ታሪካቸውን ከሀ ብለው ለመጀመር እንዳይገደዱ።